አባባ ተስፋዬ ከሞቱ በኋላ ምን ቀረልን?

ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. ተስፋዬ ሳህሉ በ94 ዓመታቸው አረፉ። በዚህ ሙሉ ስም የሚጠራቸው ሰው ጥቂት ነበር፤ ለአገሩ ሁሉ አባባ ተስፋዬ ናቸው። ልጆቻቸውን ድረው የልጅ ልጅ ያዩ ሰዎች ሳይቀሩ የገዛ አያታቸው እንደሞቱባቸው አዘኑ። ሥርዓተ ቀብራቸው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተፈጸመ። በዚያ ሰሞን በየቤቱ የተባለው ነገር ተመሳሳይ ነበር፤ እርሳቸው ያላሳደጉት ልጅ የለም።

የቴሌቪዥን ጣቢያዎችም እንደ ልማዳቸው የሕይወት ታሪካቸውን አነበቡ፤ ምስላቸውንም አሳዩ። ያን ሰሞን ደጋግሞ የተመለከተ ሰው ግን አንድ ነገር ሳያስተውል አልቀረም። ምስሉ ጥቂት ነው፤ እየተመላለሰ የሚታየውም ያው ነው። አባባ ተስፋዬ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የልጆችን ዝግጅት ያቀረቡት 42 ዓመት ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ቀርበዋል ብለን ብናሰላ እንኳ ከ2000 ዝግጅት በላይ ይሆናል። ዛሬ አንድ ወጣት ስልኩን ከፍቶ «አባባ ተስፋዬ» ብሎ ቢፈልግ የሚያገኘው ቅንጫቢ ከዚህ ቁጥር ጋር ሲተያይ እጅግ ያሳዝናል።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ጉዳዩ የእርሳቸው ብቻ ስላልሆነ ነው። ተወዳጅ ተዋናይ ሲሞትብን ማልቀስ እናውቅበታለን። ቀብሩን እናደምቃለን፣ ለቤተሰቡ እንደርሳለን፣ የቀብሩን ሰሞን ሙሉ ስለ እርሱ እናወራለን። ሥራውን ማስቀመጥ ላይ ግን ደካሞች ነን። የተዋናይ ሥራ ደግሞ ካልተቀመጠ የለም። ደራሲ ቢሞት መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ ነው፤ ሠዓሊም ሥዕሉ ግድግዳ ላይ ይቀራል። ተዋናይ ግን የሠራበት መሣሪያ የገዛ አካሉና ድምፁ ነው። እነዚህ አብረውት ይቀበራሉ፤ የሚተርፈው አንድ ሰው በጊዜው የቀረጸውና ሌላ ሰው ሳይሰለች የጠበቀው ብቻ ነው።

አባባ ተስፋዬን የምናስታውሳቸው ከልጆች መካከል ተቀምጠው ተረት ሲያወሩ ነው። ከዚያ በፊት ግን ረጅም የመድረክ ሕይወት ነበራቸው። በባሌ የተወለዱት በ1915 ዓ.ም. ነው። ከጠላት ወረራ በኋላ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የቴአትር ክፍል ሥራ ሲጀምር ከቀዳሚዎቹ ተዋንያን አንዱ ሆኑ። በዚያ ዘመን ሴት ልጅ መድረክ ላይ መውጣቷ እንደ ነውር ይቆጠር ስለነበር የሴት ገጸ ባሕርይ የሚጫወተው ወንድ ነበር፤ ቀሚስ ለብሰውና ሻሽ አስረው የሴትን ሚና ከተጫወቱት መካከል ተስፋዬ ሳህሉ በእጅጉ የሚታወቁት ናቸው። ይህ ዛሬ ሲወራ ፈገግ ያሰኛል። ለአንድ ወጣት ተዋናይ ግን ከባድ ትምህርት ቤት ነው። የሌላን ሰው አረማመድ፣ አቀማመጥ፣ የድምፅ ቅላጼ፣ የዓይን አጣጣል አጥንቶ አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ማሳመን አለበት። ካላሳመነ ሕዝቡ ይስቅበታል፤ ቴአትሩም ያበቃለታል።

ከቃኘው ሻለቃ ጋር ወደ ኮሪያ ተጉዘው በጦር ግንባር የነበሩትን ወታደሮች አዝናንተዋል። በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ተዋናይም ነበሩ። ሙዚቃ ያውቃሉ፤ የምትሃት ትርኢት ያሳያሉ። በ1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ ሲጀምር የልጆችን ዝግጅት የያዙት እንግዲህ ይህን ሁሉ ይዘው ነው። ካሜራው ፊት የተቀመጠው ሰው ዕድሜ ልኩን የተመልካችን ትንፋሽ ሲያዳምጥ የኖረ የመድረክ ሰው ነበር።

ይህ ልዩነት በዝግጅቱ ላይ በግልጽ ይታያል። «ጤና ይስጥልኝ ልጆች፤ የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች» ብለው ሲጀምሩ ሰላምታው ስቱዲዮ ውስጥ ለተቀመጡት ልጆች ብቻ አልነበረም። በሰፈሩ ቴሌቪዥን ያለው ቤት አንድ ወይም ሁለት በነበረበት ዘመን፣ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ምንጣፍ ላይ የተደረደረው፣ ውስጥ ቦታ አጥቶ በመስኮት የሚያይ ልጅ ሁሉ ተነጋግሮ እንደመጣ አንድ ላይ ይመልስላቸው ነበር። ስክሪኑ እንደማይሰማ ማንም አልነገረንም፤ ቢነግሩንም አናምንም ነበር። ተረቱ ውስጥ ጅብ ሲመጣ ድምፃቸው ይጎረንናል፤ ጦጣ ስትመጣ ይፈጥናል፣ ይቀጥናል። ልብ የሚሰቀልበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ዝም ይላሉ። ያ ዝምታ የተለካ ነው። አጭር ከሆነ ልጁ አይጓጓም፤ ከረዘመ ደግሞ ዓይኑ ወደ ሌላ ይሄዳል። ትልቅ ተዋናይ የሚታወቀው በዚህ ነው፤ ቃሉን የሚናገረው ብዙ ሰው ነው፣ ዝምታውን የሚያውቅበት ግን ጥቂት ነው።

ሌላም ነገር ነበር። ልጁን እንደ ሙሉ ሰው ያናግሩታል። ዓይናፋር ልጅ ስሙን ለመናገር ሲንተባተብ አያጣድፉትም፣ አያሾፉበትም። ተረት የሚያወራውን ልጅ ቢሳሳት እንኳ እስኪጨርስ ይሰሙታል። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» እየተባለ ባደገ ኅብረተሰብ ውስጥ፣ አገር በሚያየው ቴሌቪዥን ላይ ልጅን አክብሮ ማዳመጥ ቀላል ነገር አልነበረም። እኔ እንደማምነው የተወደዱበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው፤ ተረቶቻቸውን የረሳ ሰው እንኳ ያንን የመደመጥ ስሜት አልረሳም።

ዝግጅቱ በ1998 ዓ.ም. ገደማ ያበቃው ባስተላለፉት አንድ ተረት ምክንያት በተነሣ ቅሬታ ነው። የቅሬታውን ዝርዝር እዚህ አላነሣም። ለ42 ዓመት ያገለገለ ሰው በክብር ስንብት ሊሸኝ ይገባው ነበር ብዬ ግን በሙሉ ልቤ አምናለሁ። ከዚያ በኋላም ከዐሥር ዓመት በላይ ኖረዋል፤ ሽልማትና ክብርም አግኝተዋል። ቤታቸው የሄደ ሰው ሁሉ ያንኑ ድምፅ ሰምቶ ይመለስ ነበር።

ታዲያ ከ42 ዓመቱ ሥራ ለምን ይህን ያህል ጥቂት እናያለን? መልሱ በከፊል ከዘመኑ የቴሌቪዥን አሠራር ጋር የተያያዘ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የስቱዲዮ ዝግጅት በቀጥታ ይተላለፍ ነበር። ካሜራው ያየውን አንቴናው ያሰራጨዋል፤ በዚያው ይጠፋል። መቅረጫ ሲመጣም ጥብጣቡ እጅግ ውድ ነበር፤ በዓለም ዙሪያ ያሉ ጣቢያዎች ያስተላለፉትን እየደመሰሱ በዚያው ጥብጣብ ላይ ሌላ ይቀርጹበት ነበር። ይህ የድሃ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስለን። የእንግሊዙ ቢቢሲ እስከ 1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ የራሱን ዝነኛ ድራማዎች እየደመሰሰ ነበር። «ዶክተር ሁ» ከተባለው ተከታታይ ድራማው የ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ክፍሎች መካከል ከ90 በላይ የሚሆኑት ለዓመታት ጠፍተው ቆይተዋል። በዚህ ታሪክ ውስጥ እኛን የሚመለከት አንድ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 ከጠፉት ውስጥ ዘጠኝ ክፍሎች መገኘታቸው ይፋ ሲሆን፣ የተገኙት ለንደን አልነበረም፤ በናይጄሪያ ጆስ ከተማ በሚገኝ የቴሌቪዥን ጣቢያ መጋዘን ውስጥ ነበር። ለንደን የደመሰሰችውን አፍሪካ አስቀምጣው ተገኘች። የቀሩትም ክፍሎች ቢሆኑ ድምፃቸው አልጠፋም፤ ተመልካቾች ቤታቸው ሆነው በቴፕ ቀድተውት ነበርና።

በእኛ አገር የተዋንያን መታሰቢያ ዕጣ እንዴት እንደሚለያይ ለማየት ሌሎቹን ስሞች ማሰብ በቂ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ ከሞተ ሦስት ዐሥርት ዓመታት አልፈዋል። በመድረክ ላይ ምን ያህል ታላቅ እንደነበር አብረውት የሠሩት ሁሉ ይመሰክራሉ። እኛ ግን መድረኩን አላየንም። ወጋየሁን የምናውቀው በኢትዮጵያ ሬዲዮ በተረከው «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። የሐዲስ ዓለማየሁን መጽሐፍ ያነበበ ሰው ሁሉ ፊታውራሪ መሸሻን ሲያስብ የሚሰማው የወጋየሁን ድምፅ ነው። ዛሬ በዋሽንግተን ታክሲ የሚነዳው፣ በቤይሩት ወይም በሪያድ የሰው ቤት የምትሠራው፣ ሌሊቱን ሙሉ በጆሮ ማዳመጫ የሚሰሙት ያንን ትረካ ነው። ያ ድምፅ እዚህ የደረሰው የሬዲዮው ሪል ስለተረፈ ነው፤ ቀጥሎም ሰዎች ከሬዲዮ ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ሲዲ፣ ከሲዲ ወደ ዩቲዩብ እየቀዱ ስላሸጋገሩት ነው። የመድረክ ሥራዎቹ ግን ያዩት ሰዎች ትዝታ ውስጥ ቀሩ፤ እነዚያ ሰዎች ደግሞ በየዓመቱ እያነሱ ነው።

ደበበ እሸቱን ደግሞ እንውሰድ። ከወጋየሁ ጋር በሃንጋሪ ቴአትር ያጠና፣ በአገር ውስጥ ለዓመታት በትወናና በዝግጅት የሠራ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካው ኤምጂኤም ስቱዲዮ በተሠራውና በከፊል ኢትዮጵያ ውስጥ በተቀረጸው «ሻፍት ኢን አፍሪካ» ፊልም ላይ ተጫውቷል። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ በትውልደ ኢትዮጵያዊው ዳይሬክተር ባዚ ጌቴ በእስራኤል በተሠራ ፊልም ላይ፣ ሚስቱ ከሞተች በኋላ ቤቱን ሸጦ ከልጆቹ ጋር ሊኖር የሚሄድ አንድ ግትር ኢትዮጵያዊ አባት ሆኖ ዋናውን ሚና ይዟል። እነዚህን ሁለት ፊልሞች ዛሬም በጥራት ማየት ይቻላል። የውጭዎቹ ስቱዲዮዎች ፊልሙ ንብረታቸው ስለሆነ ያስቀምጡታል፤ ያድሱታል፤ መልሰው ይሸጡታል። በአንድ ተዋናይ ሕይወት ውስጥ ለባዕድ የሠራው ጥቂቱ ጥርት ብሎ ሲታይ፣ ለወገኑ የሠራው ብዙው በአፍ ብቻ የሚነገር መሆኑ ያንገበግበኛል።

ፍቃዱ ተክለማርያም በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ያረፈው ለረጅም ጊዜ በኩላሊት ሕመም ተሠቃይቶ ነው። በመድረክ የነገሥታትን ሚና ሲጫወት ግርማ ሞገሱ የሚያስደነግጥ፣ በሬዲዮ ትረካ፣ በቴሌቪዥን ድራማና በፊልም ደግሞ በሁሉም ቤት የሚታወቅ ሰው ነበር። መታመሙ ሲሰማ ሕዝቡ ከአገር ውስጥም ከውጭም ለሕክምናው ገንዘብ አዋጣ። ይህ ትልቅ ፍቅር ነው፤ ከልብ የሚመሰገን። ግን አርባ ዓመት የሠራ ተዋናይ ሲታመም የሕዝብ መዋጮ የሚያስፈልገው ለምን ነው? ብለን መጠየቅም አለብን። አንዱ ምክንያት ሥራው ተደጋግሞ ሲታይና ሲደመጥ ለተዋናዩ የሚመለስ ነገር አለመኖሩ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የከዋኞችን መብት ለ50 ዓመት ያስከብራል። በ2007 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያም የሮያሊቲ፣ ማለትም ሥራው በቀረበ ቁጥር ለባለመብቱ የሚከፈለውን ገንዘብ፣ አሰባሰብ ሥርዓት አስይዟል። በወረቀት ላይ ያለው ጥሩ ነው። ይሁን እንጂ ክፍያ የሚሰላው ሥራው ተመዝግቦ፣ የት እንዳለ ታውቆ፣ ስንት ጊዜ እንደቀረበ ተቆጥሮ ነው። ያልተመዘገበ ሥራ አይቆጠርም፤ ያልተቆጠረም አይከፈልበትም። ቅጂ የማስቀመጥ ጉዳይ ከተዋናዩ እንጀራ ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው። ይህን ግንኙነት ብዙ ሰው የሚያስተውለው አይመስለኝም፤ ቤተ መዛግብትን የሙት መታሰቢያ ብቻ አድርገን ስለምናስብ።

ጊዜው ደግሞ አይጠብቀንም። ቪዲዮ ካሴት ማለት በፕላስቲክ ጥብጣብ ላይ በማጣበቂያ የተለጠፈ የብረት ብናኝ ነው። ምስሉና ድምፁ ያለው ብናኙ ላይ ነው። ማጣበቂያው ከዓመታት በኋላ እርጥበት እየጠጣ ይላላል፤ ጥብጣቡ ይጣበቃል፤ ማጫወቻ ውስጥ ሲገባ ብናኙ ከነምስሉ ተልጦ የማጫወቻው ራስ ላይ ይቀራል። እንዲህ የሆነ ካሴት አንድ ጊዜ ተጫውቶ ለዘለዓለም ሊጠፋ ይችላል። ሻጋታም ሌላ ጠላት ነው፤ ክረምት ሲገባ የሚርስ የምድር ቤት መጋዘን ይመቸዋል። ካሴቱ ደህና ቢሆን እንኳ ማጫወቻው እየጠፋ ነው። ቪኤችኤስ የተባለው የቤት ቪዲዮ ካሴት ማጫወቻ የመጨረሻው አምራች የነበረው የጃፓኑ ፉናይ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2016 ማምረት አቁሟል፤ ሶኒም በዚያው ዓመት የቤታማክስ ካሴት ሽያጭ ዘግቷል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2019 ከድምፅና ምስል ቤተ መዛግብት ማኅበር ጋር ሆኖ ለዓለም ማንቂያ ሲያወጣ፣ ባለሙያዎች የጊዜ ገደብ ብለው ይጠቅሱት የነበረው እ.ኤ.አ. 2025ን ነበር። ያ ዓመት አልፏል። ይህ ማለት በዚያች ዕለት ሁሉም ካሴት ይሞታል ማለት አይደለም። ማጫወቻ፣ መለዋወጫና መሣሪያውን የሚያውቅ ባለሙያ ባንድ ላይ ማግኘት ከዓመት ዓመት እየከበደና እየተወደደ ይሄዳል ማለት ነው።

«ታዲያ አሁን ሁሉም ነገር ዲጂታል ሆኗል፤ የዛሬዎቹ ተዋንያን አይጠፉም» የሚል ሰው ይኖራል። እኔ በዚህ አልስማማም። ካለፉት ሃያ ዓመታት ወዲህ በቪዲዮ የተሠሩት የአማርኛ ፊልሞች ከሲኒማ ቤት ወደ ቪሲዲ፣ ከቪሲዲ ወደ ዩቲዩብ ተሸጋግረዋል። ዋናው ቅጂ በብዙ ቦታ ያለው በአንድ ፕሮዲውሰር ቤት፣ በአንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ነው። ሃርድ ዲስክ መሣቢያ ውስጥ ተቀምጦም ይበላሻል፤ ከተበላሸ ደግሞ እንደ አሮጌ ካሴት እየተንተባተበ እንኳ አይጫወትም። ዩቲዩብ ላይ ያለው የተጨመቀና የደበዘዘ ቅጂ ነው፤ ቻናሉ የተዘጋ ዕለት እርሱም የለም። በ2015 ዓ.ም. ገና በወጣትነቱ ያረፈው ታሪኩ ብርሃኑ፣ ሕዝቡ ባባ እያለ የሚጠራው፣ ሰውን ከልብ ያሳቀባቸው ፊልሞች እጅግ ብዙ ናቸው። ከቀብሩ በኋላ እነዚያን ፊልሞች ያላየ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ግን ስንቶቹ ሥራዎቹ ናቸው ከሃምሳ ዓመት በኋላ በትልቅ ስክሪን ሊታዩ በሚችሉበት ጥራት የተቀመጡት? ኮሜዲ ደግሞ በተለይ ተሰባሪ ነው። የሳቁ ምክንያት ያለው ከቃሉ ይልቅ ፊቱ ላይ፣ በቅንድቡ እንቅስቃሴ፣ በግማሽ ሰከንድ መዘግየቱ ውስጥ ነው። ምስሉ ሲደበዝዝ መጀመሪያ የሚጠፋው እርሱ ነው።

የሙት መታሰቢያ በእኛ ባህል ሥርዓት ያለው ነገር ነው። ሣልስቱ አለ፣ አርባው አለ፣ ሰማንያው፣ መንፈቁ፣ ሙት ዓመቱ አለ። ቤተሰቡ የትኛው ቀን ላይ ምን ማድረግ እንዳለበት ማንም ሳይነግረው ያውቃል፤ ዕድሩም ያስታውሰዋል። ለሥራው ግን እንዲህ ያለ ቀን የለንም። አንድ ታላቅ ተዋናይ ባረፈ በአርባኛው ቀን፣ የሠራባቸው ቴአትር ቤቶች፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጣቢያዎች፣ ፕሮዲውሰሮች «በእጃችን ያለው ሥራው ይህ ነው» ብለው ዝርዝር ቢያወጡ ምን ይከለክላቸዋል? ገንዘብ የሚጠይቀው ካሴቱን ወደ ዲጂታል መገልበጡ ነው እንጂ ዝርዝሩ አይደለም። ዝርዝር ለማውጣት የሚያስፈልገው አንድ ታታሪ ሠራተኛና አንድ መዝገብ ነው። በሙት ዓመቱ ደግሞ ከዝርዝሩ ውስጥ አንድ ሥራ ታድሶ በብሔራዊ ቴአትር ወይም በቴሌቪዥን ሙሉው ይቅረብ። ሙሉው ማለቴ ነው፤ ከሐዘን ሙዚቃ ጋር የተቆራረጠ የሁለት ደቂቃ ቅንጫቢ ተዋናዩን አያሳየንም፤ መሞቱን ብቻ ደግሞ ይነግረናል።

የአንበሳው ድርሻ የኢትዮጵያ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን ነው፤ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው የቴሌቪዥን ታሪካችን የእርሱ መጋዘን ውስጥ ነውና። ሕዝቡ እዚያ ምን እንዳለ የማወቅ መብት አለው፤ በግብሩና በቴሌቪዥን ክፍያው ያሠራው ሥራ ነው። በአዋጅ ቁጥር 179/1991 የተቋቋመው ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍትም የብራና መጽሐፍን የሚንከባከበውን ያህል ለድምፅና ለምስል ክብር ሊሰጥ ይገባል። የኮርፖሬሽኑ ካሴትና የቤተ መዛግብቱ ባለሙያ ቢገናኙ ግማሹ ሥራ ተሠራ ማለት ነው።

የቀረው በእኛ ቤት ያለው ነው። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ከኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ላይ በቪኤችኤስ እየቀዳ ለውጭ ዘመዱ የሚልክ ሰው ብዙ ነበር። በዋሽንግተን አካባቢ ያሉ የሐበሻ ሱቆች ከእንጀራና ከበርበሬው ጎን የአገር ቤት ድራማና የበዓል ዝግጅት ካሴት ያከራዩ ነበር። ከእነዚያ ካሴቶች ውስጥ ጣቢያው ራሱ የሌለው ዝግጅት ሊገኝ ይችላል፤ የጆሱ መጋዘን ታሪክ የሚያሳየን ይህን ነው። እንዲህ ያለ ካሴት ያለው ሰው አሮጌ ማጫወቻ ተውሶ «እስቲ ይሠራ እንደሆን» ብሎ ባይሞክረው ይሻላል፤ የላላው ብናኝ የሚላጠው ያኔ ነው። ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ላይ እንደ መጽሐፍ አቁሞ ያስቀምጠው፤ ላዩ ላይ መቼ፣ ከየት፣ ምን እንደተቀዳ ይጻፍበት፤ ከዚያ ወደ ዲጂታል የሚገለብጥ ባለሙያ ይፈልግ። በአሜሪካና በአውሮፓ ከተሞች ይህን የሚሠሩ ሱቆች አሁንም አሉ።

ከሁሉ በፊት መቅደም ያለበት ግን የሰው ጉዳይ ነው። ካሴቱ ተገልብጦ ምስሉ ቢታይ እንኳ «ከአባባ ተስፋዬ በስተግራ የቆመው ማን ነው? ይህ ቴአትር የትኛው ነው? ሙዚቃውን የሚጫወተው ማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ያላቸው በዚያ ዘመን አብረው የሠሩት ናቸው። ከእነርሱ መካከል ካሜራ ያነሡ፣ መብራት ያበሩ፣ ልብስ የሰፉ፣ ከመጋረጃ ጀርባ ቃል ያስታወሱ ሰዎች አሉ፤ ስማቸው በየትኛውም ማስታወቂያ ላይ አልወጣም። ዛሬ በሕይወት ያሉት በሰማንያዎቹ ዕድሜ ውስጥ ናቸው። ያሉትን ምስሎች ይዞ እቤታቸው ሄዶ፣ እያሳዩ የሚሉትን መቅረጽ የሚቻለው አሁን ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ደህና ስልክ፣ የአንድ ከሰዓት በኋላ ጊዜና አስቀድሞ የሚደወል አንድ ጥሪ ነው። የቴአትር ጥበባት ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በዚህ ላይ ቢያደርጉ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ትልቅ ሀብት ይሰበሰባል።